ድምፁን ዘግታችሁ እዩት
(ሐዋሳ ላይ ለተሰበሰቡ የአኒሜሽን ፊልም ወዳጆች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቅዳሜ ከሰዓታችሁን ሐይቁ ዳር ማሳለፍ ስትችሉ ይህን አዳራሽ የሞላችሁ ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ የተሰበሰብነው ስለ አሜሪካው የአኒሜሽን ስቱዲዮ ስለ ፒክሳር ለመከራከር ነው። ክርክሩ አዲስ አይደለም፤ ከፒያሳ እስከ አቶቴ በየካፌው ስንጨቃጨቅበት ኖረናል። አንደኛው ወገን «ድሮ ቀረ» ይላል። ፒክሳር በ«ቶይ ስቶሪ 3» አበቃለት፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ብር መሰብሰብ ነው ባይ ነው። ሌላኛው ወገን ደግሞ «ኮኮ የተባለውን ፊልማቸውን ያየ ሰው እንዴት አፉን ሞልቶ እንዲህ ይላል?» ብሎ ይነሣል። ሁለቱንም አከብራለሁ። ለአንድ ካርቱን ብሎ ማኪያቶው እስኪበርድ የሚሟገት ሰው ፊልም የገባው ሰው ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው፤ ከፍታውንና ዝቅታውን የምንለካበት መለኪያ የራሳችን አይደለም።

እስቲ አስቡት። እ.ኤ.አ. በ2023 «ኤለመንታል» ሲወጣ በሰሜን አሜሪካ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያስገባው ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ለፒክሳር ይህ በጣም ትንሽ ነው። ወዲያው «ፒክሳር ሞተ» ተባለ። እኛም ፊልሙ በፍላሽ ተጭኖ እጃችን ሳይገባ አብረን ለቅሶ ተቀመጥን። ፊልሙ ግን ያየው ላላየው እየነገረ፣ ሳምንት በሳምንት ተመልካች እያገኘ ቆየና በመላው ዓለም ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ተጠጋ። «ካርስ 2» ደግሞ በ2011 ከ550 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። በገንዘብ ከሄድን እንግዲህ «ካርስ 2» ከ«ኤለመንታል» ይበልጣል ማለት ነው። ሁለቱንም ያየ ሰው ይህን ይቀበላል ብዬ አላምንም። ገንዘቡ ሠሪዎቹን እንኳ አያድንም፤ በ2024 «ኢንሳይድ አውት 2» ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፣ ፊልሙ ሊወጣ ሳምንታት ሲቀሩት ግን ስቱዲዮው ከሠራተኞቹ 14 በመቶ የሚሆኑትን አሰናብቷል። የቲኬት ሽያጭ የባለ አክሲዮኖች ጉዳይ ነው። ስለ ፊልሙ ለእኛ የሚነግረን እምብዛም ነው።

እኛ ካሊፎርኒያ ያሉ ሐያሲዎች የሌላቸው መለኪያ አለን። እኔ የሰፈር ልጆች እየሰበሰብኩ ፊልም አሳያለሁ። አንዱ ቤቱ ሲዳሙ አፎ ይናገራል፣ አንዷ ወላይትኛ፣ ሌሎቹ አማርኛ። እንግሊዝኛውን የሚከተል የለም፤ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የሚተረጉምላቸውም የለም። እነዚህ ልጆች ፊት «ዎል-ኢ» ሲከፈት ምን እንደሚሆን ላየ ሰው ክርክሩ ግማሽ መንገድ ሄዷል። የፊልሙ መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ ንግግር የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ቆሻሻ እየጠቀጠቀ የሚከምር አንድ ዝገታም ሮቦት፣ አንድ በረሮ፣ ባዶ ከተማ፣ በቃ። ልጆቹ ግን ትንፍሽ አይሉም። የሮቦቱ ዓይኖች እንደ ባይናኩላር ሁለት መነጽሮች ናቸው፤ ውጫዊ ጫፋቸው ዝቅ ሲል አዘነ፣ ቀና ሲል ደስ አለው። ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ዳይሬክተሩ አንድሪው ስታንተንና ባልደረቦቹ ይህን ፊልም ሲያዘጋጁ ለአንድ ዓመት ያህል በምሳ ሰዓታቸው የቻርሊ ቻፕሊንንና የበስተር ኪተንን ድምፅ አልባ ፊልሞች ያዩ ነበር። የዚያ ምሳ ሰዓት ፍሬ ሐዋሳ ድረስ ደርሷል።

ስቱዲዮው ገና ሲወለድም እንዲሁ ነበር። ስቲቭ ጆብስ ድርጅቱን ከጆርጅ ሉካስ በገዛበት እ.ኤ.አ. በ1986 እነ ጆን ላሴተር «ላክሶ ጁኒየር» የተባለች የሁለት ደቂቃ ፊልም ሠሩ። ሁለት የጠረጴዛ መብራቶች ናቸው፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ፊት የላቸውም፣ አፍ የላቸውም፣ ቃል አይናገሩም። ግን የትኛው ወላጅ የትኛው ልጅ እንደሆነ፣ ልጁ ኳሷ ላይ እየዘለለ ሲያፈነዳት እንዴት እንደደነገጠ፣ ወላጁም እንዴት አንገቱን እንደነቀነቀ ሁሉም ይገባዋል። ያቺ መብራት እስከ ዛሬ ድረስ በየፊልሙ መግቢያ ላይ እየዘለለች የምትመጣው በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ የእኔ መለኪያ ይህ ነው፤ ድምፁ ሲዘጋ ፊልሙ ይቆማል ወይስ ይወድቃል?

በዚህ ሲለካ ከሁሉ የሚልቀው የ2009ኙ «አፕ» መጀመሪያ ነው። ሙዚቃውን ትቼላችኋለሁ፤ የማይክል ጃኪኖ ሙዚቃ ኦስካር ያገኘ ነው፣ እሱ ድምፅ ሳይሆን ትንፋሽ ነው። ካርልና ኤሊ ይጋባሉ። አሮጌውን ቤት ያድሳሉ። ደመና ላይ ሕፃን ያያሉ፣ የልጅ ክፍል ቀለም ይቀባሉ፤ ቀጥሎ ሐኪም ቤት ናቸው፣ ኤሊ ፊቷን በእጆቿ ይዛ ታለቅሳለች። ስለ ልጁ አንድ ቃል አልተነገረም። ከዚያ ለጉዞ የሚሆን ሳንቲም በብልቃጥ ያጠራቅማሉ፤ የመኪናው ጎማ ይፈነዳል፣ ብልቃጡ ይሰበራል፤ የካርል እግር ይሰበራል፣ ብልቃጡ ይሰበራል፤ ዛፍ ጣሪያው ላይ ይወድቃል፣ ብልቃጡ እንደገና ይሰበራል። ዓመታት ያለፉት በከረባት ነው። ኤሊ በየጧቱ የባሏን ከረባት ታስራለች፣ የከረባቱ ቀለም እየተቀያየረ ፀጉራቸው ይሸብታል። ወጣት ሳሉ ኮረብታውን ቀድማው የምትሮጠው እሷ ነበረች፤ መጨረሻ ላይ እዚያው ኮረብታ ላይ ወድቃ መነሣት የሚያቅታትም እሷ ናት። አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ አንድ ሙሉ ትዳር። ዕቁብ ጥላ ለቤት ክዳን፣ ለሕመም፣ ለልጅ ትምህርት ቤት ያወጣች እናት ይህን ብልቃጥ ለማወቅ እንግሊዝኛ አያስፈልጋትም።

አሁን ወደ ዝቅታው ልምጣ። ዓመቶቹን ተመልከቱ። ከ1995 እስከ 2010 ፒክሳር 11 ፊልም ሠራ፤ ከእነዚህ ውስጥ ቀደም ያለ ታሪክ ቀጣይ የሆኑት ሁለት ብቻ ናቸው። ከ2011 እስከ 2019 ደግሞ 10 ሠራ፤ ስድስቱ ቀጣይ ወይም ቅድመ ታሪክ ናቸው። «ድሮ ቀረ» ባዮች ይህን ቁጥር ይዘው ቢመጡ መልስ የለኝም፣ እውነት ነው። ግን «ክፍል ሁለት ሁሉ ገደል ነው» ሲሉ አልቀበልም። «ቶይ ስቶሪ 2» መጀመሪያ ለቪዲዮ ካሴት ብቻ ታስቦ የተጀመረ ነበር። ሠሪዎቹ ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት አይተው አልረኩም፣ አፍርሰው ዘጠኝ ወር በማይሞላ ጊዜ እንደ አዲስ ሠሩት። የመጀመሪያው «ቶይ ስቶሪ» ራሱ በ1993 ለዲዝኒ ኃላፊዎች ሲታይ ዋናው ገፀ ባሕርይ ዉዲ ክፉና የማይወደድ ሆኖ ቀርቦ ሥራው እንዲቆም ተደርጎ ነበር። እንደገና ተጻፈ፣ ዛሬ የምንወደው ዉዲ ተገኘ። ያ ትውልድ ያልተሳካን ሥራ ለማፍረስ አይሰስትም ነበር።

ይሁንና ማፍረስም ብቻውን መድኃኒት አይደለም። የ2015ቱ «ዘ ጉድ ዳይኖሰር» መሐል ላይ ዳይሬክተር ተቀይሮለት፣ ታሪኩ ፈርሶ ተሠርቶ፣ በመጨረሻ በገበያ አልቀናውም። እኔም እንደ ሙሉ ፊልም አላመሰግነውም፤ መልክአ ምድሩ እውነተኛ ፎቶ ሲመስል ዳይኖሰሩ ፕላስቲክ ይመስላል፣ ሁለቱ አይዋደዱም። ነገር ግን ውስጡ አንድ ትዕይንት አለ። ዳይኖሰሩና መናገር የማይችለው ሕፃን አሸዋ ላይ ተቀምጠዋል። ዳይኖሰሩ ቤተሰቡን በእንጨት ስንጣሪ ያቆማል። ሕፃኑም የራሱን ቤተሰብ ያቆማል፤ ከዚያ የእናቱንና የአባቱን እንጨት አስተኝቶ አሸዋ ያለብሳቸዋል። ሞተዋል ማለቱ ነው። እኔ ካሳየኋቸው ልጆች አንዷ እዚህ ላይ ሲደርስ ዞር ብላ የእህቷን እጅ ያዘች። «ወደቀ» የምንለው ፊልም ውስጥ ይህ አለ። ለዚህ ነው አንድን ስቱዲዮ በጅምላ «ሞቷል» ማለት የማልወደው። የዚህ ፊልም ዳይሬክተር ፒተር ሶን ነው፤ ከስምንት ዓመት በኋላ «ኤለመንታል»ን የሠራው እሱ ነው።

ፒተር ሶን ከኮሪያ ተሰደው ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ሱቅ የከፈቱ ወላጆች ልጅ ነው፤ «ኤለመንታል» ውስጥ ያለው የእሳት ቤተሰብ ሱቅ ከዚያ የመጣ ነው። በፊልሙ ውስጥ አባትየው አገሩን ለቆ ሲወጣ መሬት ወድቆ ለአባቱ ሰገደ፣ አባቱ ግን ምላሽ ነፈገው። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ከቤት ልትወጣ ስትል ለእሱ ያንኑ ስግደት ትሰግዳለች፤ እሱም በተራው ጎንበስ ብሎ ይመልስላታል። ጉልበት ስሞ ምርቃት ተቀብሎ ያደገ የሐዋሳ ልጅ ይህን ትዕይንት ከማንም በላይ ይረዳዋል። የአሜሪካ የቲኬት ቁጥር በሦስት ቀን ሊነግረን ያልቻለው ይህንን ነው።

«ካርስ 2»ን ግን አልከላከልም። ስለ አማራጭ ነዳጅ ሤራ፣ ስለ ሰላዮች፣ ከአገር አገር እየዞረ ሁሉን ነገር በንግግር ያስረዳል። ልጆቹ እሽቅድምድሙን ያያሉ፤ መኪኖቹ ማውራት ሲጀምሩ ግን እርስ በርስ መጎነታተል ይጀምራሉ። የምርጥ አኒሜሽን ኦስካር ከተጀመረ ወዲህ ሳይታጭ የቀረ የመጀመሪያው የፒክሳር ፊልም ይህ ነው፤ ፍርዱም ትክክል ነበር።

«ራታቱዊ የተባለው ፊልምስ? የምግብ ሐያሲው ንግግር እኮ ነው ውበቱ!» የምትሉኝ አላችሁ። ንግግሩ ያማረ ነው፣ አልክድም። ግን ከንግግሩ በፊት ያ ደረቅ ሰውዬ አንድ ጉርሻ ሲቀምስ ዓይኑ ይፈጥጣል፣ ልጅነቱ ቤት በር ላይ ቆሞ እናቱ ምግብ ስታቀርብለት እናያለን፣ ብዕሩም ከእጁ ወለሉ ላይ ይወድቃል። ፍርዱ እዚያው አልቋል። «ሶል» ግን ይፈትነኛል። ብዙው ነገሩ በቃል የሚሄድ ነው፣ ልጆቹ አልጨረሱትም፤ እኔ ደግሞ አምርሬ እወደዋለሁ። ለእሱ ሌላ መለኪያ ያለው ሰው ዛሬ ቢያስረዳኝ በደስታ እሰማለሁ።

አንድ ነገር በተለይ አኒሜሽን ለምትማሩ ልጆች ልበል። «ፓይፐር» የተባለው አጭር ፊልም ኦስካር ያገኘ ነው። ዳይሬክተሩ አለን ባሪላሮ ሐሳቡን ያገኘው ከስቱዲዮው ብዙም በማይርቅ የባሕር ዳርቻ፣ ትንንሽ ወፎች ከማዕበሉ እየሸሹ ለመብላት ደግሞ ሲመለሱ አይቶ ነው። እናንተ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል አላችሁ። አባ ኮዳው፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ አንገቱን ሰብሮ ዓሣ የሚበልቱትን ልጆች ቢላዋ ሲከታተል፣ የተጣለለትን አንጀት ከሌላው ቀምቶ ሲውጥ፣ ልጁ ሳያየው እጁን ሲሰበስብ በየቀኑ ታያላችሁ። ፒክሳር የሚጠቀምበት የምስል ማውጫ ሶፍትዌር ሬንደርማን ለንግድ ላልሆነ ሥራ ከ2015 ጀምሮ በነፃ ይገኛል፤ ብሌንደር የተባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌርም ነፃ ነው። መብራት ይሄዳል፣ ኮምፒዩተሩ ይዘገያል፣ አውቃለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረ ምስል ንጋት ላይ ሲጠፋ ምን ያህል እንደሚያንገበግብም አውቃለሁ። ለወረቀትና እርሳስ ግን መብራት አያስፈልግም። ሁለት ደቂቃ ሥሩ። አንድም ቃል አታስገቡበት። ከዚያ ሲዳሙ አፎ ለሚናገር፣ አማርኛ ለሚናገር፣ ሁለቱንም ለማይናገር ሰው አሳዩት።

አሁን «ላክሶ ጁኒየር»ንና «ፓይፐር»ን አከታትለን እናያለን። ከዚያ ክርክሩ ይከፈታል፤ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ አምስት ደቂቃ። ስለ ገቢ መናገር ተከልክሏል፣ የሚጠራ ሁሉ ትዕይንት ይጥራ። የመጀመሪያውን ዕድል «ካርስ 2»ን እከላከላለሁ ብለው ስማቸውን ላስመዘገቡት ሁለት ወንድሞቻችን ሰጥቻለሁ።

አመሰግናለሁ።