ከሽፋኑ ጥግ ያለችው ትንሽ ሳጥን

የተከበራችሁ እንግዶች፣ አሮጌ መጽሐፍ የምትሸጡ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሥዕል የምትወዱ የጅማ ልጆች፤ እንደምን ዋላችሁ፣ አካም ኦልታን። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

አጎቴ ከካናዳዋ ቶሮንቶ ሲመለሱ ግማሽ ሻንጣ ኮሚክ፣ ማለትም ታሪክ በሥዕል የሚተረክበት መጽሔት፣ አመጡልኝ። በ1980ዎቹ እዚያ ሳሉ በአብዛኛው ከሰፈራቸው ሱቅ እየገዙ ያነበቧቸው ናቸው። ብዙዎቹ ላይ የታተመው ዋጋ 75 ሳንቲም ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው ከእኔ ሊገዛ መጣ፤ ሽፋኑን አየና «ይሄ ዋናው አይደለም፤ የአሜሪካኑ ላይ 60 ነው የሚለው» አለኝ። ሦስቱን በጣም በርካሽ ሰጠሁት። ዋሸኝ አልልም፤ ያኔ ብዙ ነጋዴ የሚያምነው እንደዚያ ነበር። እኔ ግን 75 የሚለው ቁጥር ምን እንደሚናገር ባውቅ ኖሮ አልሸጣቸውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካናዳ ዶላር ከአሜሪካው ሲረክስ የአሜሪካ ኮሚክ አሳታሚዎቹ ማርቬልና ዲሲ ከ1982 መጨረሻ ጀምሮ ለካናዳ ኪዮስኮች የሚላከውን ቅጂ የካናዳ ዋጋ ብቻ ያትሙበት ጀመር። ማርቬል እስከ 1986 ድረስ ቀጠለበት። ማተሚያ ቤቱ ያው ነው፤ ታሪኩም፣ ሥዕሉም፣ ወረቀቱም ያው ነው። የተቀየረው ዋጋው ብቻ ነው። የካናዳ ሕዝብ ደግሞ ያኔ ከአሜሪካው አንድ አሥረኛ ገደማ ነበር። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ እንደ እንግዳ ልጅ የተናቀው ቅጂ ቁጥሩ ከሌላው እጅግ ያነሰ ነበር፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች ለይተው የሚፈልጉትም ለዚሁ ነው።

እኛ ቡና የምናውቅ ሰዎች ነን። ከአንድ ዛፍ የተለቀመ እሸት ታጥቦ ሲሄድ አንድ ዋጋ፣ ደርቆ ጀንፈል ሲሆን ሌላ ዋጋ እንዳለው ለጅማ ሰው አይነገረውም። ኮሚክም በየት በኩል ወደ ገዢው እንደደረሰ ይጠየቃል። ልዩነቱ ምልክቱ ራሱ ሽፋኑ ላይ መታተሙ ነው።

ዋነኞቹ መንገዶች ሁለት ነበሩ። አንደኛው የጋዜጣ መሸጫው ነው፦ ኪዮስክ፣ መድኃኒት ቤት፣ የሰፈር ሱቅ። ባለሱቁ ያልተሸጠለትን ይመልሳል ወይም ሽፋኑን ቀዶ ይልክና ገንዘቡ ይታሰብለታል፤ የቀረው ይወገዳል። ሁለተኛውን መንገድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የከፈተው ፊል ሱሊንግ የሚባል የኒው ዮርክ መምህር ነው። ለኮሚክ መደብሮች በተሻለ ቅናሽ ይሸጥላቸው፣ እነሱ ግን ያልተሸጠውን አይመልሱ አለ። ይህ የቀጥታ ሽያጭ ተባለ።

ታዲያ አሳታሚው አንድ ስጋት ነበረበት። መደብሩ በቅናሽ የገዛውን ቅጂ በኪዮስክ በኩል መልሶ ሙሉ ገንዘብ ቢጠይቅስ? ለመለየት ሲባል ማርቬል ከ1979 ጀምሮ በቀጥታ ሽያጩ ቅጂ ላይ ባርኮዱን በመስመር ሰረዘው፤ ቆይቶም በባርኮዱ ሳጥን ውስጥ የኮሚክ ጀግናውን የስፓይደር ማንን ፊት አተመበት። ኪዮስክ የሚሄደው ግን ንጹሕ ባርኮድ አለው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ሁለቱም ባርኮድ ስላላቸው አትታለሉ፤ የቀጥታው አጠገቡ የቀጥታ ሽያጭ እትም መሆኑን የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይኖረዋል።

ለሒሳብ ሠራተኛ የተፈጠረች ያቺ ምልክት ዛሬ የሰብሳቢ መለያ ሆናለች። የኪዮስኩን ቅጂ ልጆች በሚሽከረከረው መደርደሪያ ላይ እያገላበጡ፣ እያጠፉ አነበቡት፤ ያልተሸጠው ተወገደ። የመደብሩን ሰብሳቢ ገዝቶ በዚያው ቀን በፕላስቲክ ከተተው። ስለዚህ ንጹሕ የኪዮስክ ቅጂ ማግኘት ይከብዳል። ዓመታቱ በገፉ ቁጥር የኪዮስኩ ድርሻ እየሳሳ ሄዶ ማርቬል በ2013 ገደማ መንገዱን ሲተወው፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የወጡት ጥቂቶች ሆነው ቀሩ። በ1979 ግን ብዙው ቅጂ የኪዮስክ ነበር፤ ያኔ ባርኮድ ማየት ብቻውን ብርቅ አያደርገውም። ዓመቱን ሳያዩ «የኪዮስክ ነው» ብሎ ዋጋ መስቀል ስሕተት ነው። «ከመቶ ይህን ያህሉ ብቻ ነው የኪዮስክ» እየተባለ የሚወራውም አብዛኛው ግምት ነው፤ በእሱ ላይ ገንዘባችሁን አታፍስሱ።

አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ማርቬል በ1977 ዋጋ ሊጨምር አስቦ ገበያውን ለመሞከር በጥቂት ከተሞች ብቻ በ30 ሳንቲም ፈንታ 35 አተመ። የፊልሙ የስታር ዋርስ ኮሚክ ቁጥር 1 በዚህ ውስጥ ገባ፤ ባለ 35 ሳንቲሙ ዛሬ ከሚፈለጉት የዘመኑ ቅጂዎች አንዱ ነው። ግን እኮ ያው ኮሚክ ዳግመኛ ሲታተምም 35 ሳንቲም ተጽፎበታል! ዳግም እትም መሆኑን የሚናገረውን ጽሑፍ ሳይፈልግ ቁጥሩን ብቻ አይቶ የከፈለ ሰው ይጎዳል።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝን ልናገር። ብርቅ መሆን ብቻውን ዋጋ አይሆንም። ማንም የማይፈልገው ታሪክ ከሆነ አሥር ቅጂ ብቻ ቢቀርም ገዢ አያገኝም። የሚፈለግም ቢሆን ይዞታው ይወስነዋል፤ የኮሚክን ይዞታ መርምረው ደረጃ የሚሰጡ ባለሙያዎች እስከ 10 በሚደርስ መለኪያ የሚመዝኑት ጠርዙን፣ ጀርባውን፣ ገጾቹን የያዘውን ሽቦ፣ የወረቀቱን ቀለም ነው። የድሮው ኮሚክ ወረቀት ደግሞ ርካሽ ነው፤ ራሱ ይቢጫል። የእኛ ከተማ ዝናብ አይጠፋባትም። ከግድግዳ አርቁት፣ ከመሬት አንሡት፣ ሽቦው እንዳይዝግ እርጥበት አታስነኩት። በክረምት ሻጋታ የበላው ሳጥን እጄ ላይ ሲደርስ እንደ ሰው አዝናለሁ።

ሻጮችም ሆይ፣ ሽያጭ ስትጽፉ ርዕሱንና ቁጥሩን ብቻ አትጻፉ። የታተመውን ዋጋ፣ የሳጥኑን ምልክት፣ የጎደለ ገጽ ካለ እሱንም ጻፉ። ገዢው ባያውቅም ንገሩት።

ከአጎቴ ሻንጣ የቀሩኝን ሁለት ቅጂዎች እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። አንዱ የካናዳ ኪዮስክ ነው፣ አንዱ ከኮሚክ መደብር የተገዛ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልጻፍኩበትም። እጃችሁን ታጥባችሁ ኑና ከሽፋኑ ታች በግራ በኩል ተመልከቱ፤ ከዚያ ንገሩኝ።

አመሰግናለሁ፤ ገለቶማ።