ተማሪው እንግሊዙ ነበር

የተከበራችሁ የትምህርት ቤታችን የቀድሞ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የተሰበሰብነው ሕንዳውያን መምህራኖቻችንን ለማመስገን ነው። ምስጋናው ከልቤ ነው። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት በደረሰን የጥሪ ወረቀት ላይ ያለች አንዲት ዐረፍተ ነገር እንቅልፍ ነስታኛለች። መምህራኖቻችን «ከእንግሊዞች የቀሰሙትን ሥልጣኔ ለእኛ ያስተላለፉ» ናቸው ትላለች። አዘጋጆቹን አልቆጣም፣ ልጆቻችን ናቸው። ዐረፍተ ነገሯን ግን እቆጣታለሁ።

የኬራላውን የእንግሊዝኛ መምህራችንን ታስታውሷቸዋላችሁ። አነጋገራቸውን እየቀዳን ሙድ ስንይዝባቸው የነበርነው እኛው ነን። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር የሳቀውን ልጅ አስነሡት። እዚህ አለ፣ ስሙን አልጠራም። መጀመሪያ አገራቸው የገቡት እንግሊዞች ከንጉሡ ጋር በምን ቋንቋ እንዳወሩ ጠየቁት። «በእንግሊዝኛ ነዋ!» አለ። መምህራችን ፈገግ ብለው ወደ ሰዋስው ተመለሱ። መልሱን ያገኘሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ሳነብ ነው።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥራቸው። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ፣ ኋላ ሕንድን የገዛው የእንግሊዝ ነጋዴዎች ማኅበር፣ ለንደን ላይ የተቋቋመው በ1600 ነው። በ1608 ዊልያም ሃውኪንስ የሚባል የኩባንያው ነጋዴ ሱራት የሚባል የሕንድ ወደብ ደረሰ። በዓመቱ አግራ ከተማ ላይ፣ አብዛኛውን ሕንድ ይገዛ ከነበረው ከሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሥ፣ ከጃሃንጊር ፊት ቀረበ። ያወሩት በቱርክኛ ነበር! ንጉሡ ቱርክኛ ይችላል፣ እንግዳውም ይችላል፣ ተግባቡ። ማዕረግ ሰጠው፣ አርመናዊት ክርስቲያንም ዳረው። ቶማስ ኮርያት ደግሞ አብዛኛውን መንገድ በእግሩ ኳትኖ የገባ እንግሊዛዊ ነው። በ1616 አጅመር ላይ ንጉሡን በፋርስኛ አወደሰው። ንጉሡም ከመስኮት መቶ ሩፒ ወረወረለት። አዝማሪ እንደምንሸልመው ማለት ነው። ምዕራብ ሕንድ፣ ጎዋ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊ ቄስ ቶማስ ስቲፈንስማ ማራቲ የሚባለውን የአገሩን ቋንቋ ተምሮ የክርስቶስን ታሪክ በዚያው ቋንቋ በግጥም ጻፈ።

እንግዲህ ማን ነው ከማን የተማረው?

ከሁሉም የማልጠግበው የሰር ቶማስ ሮ ታሪክ ነው። ይህ ሰው በ1615 የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ አምባሳደር ሆኖ ጃሃንጊር ዘንድ መጣ። ኩሩ ነው። በዚያ ሙቀት የአገሩን ልብስ አላወልቅም ያለ ሰው ነው። ስጦታ ብሎ ሠረገላ አመጣ። ጃሃንጊር አየውና የውስጡን ጨርቅ አስነቅሎ በተሻለ አስለበጠው፣ የናስ ሚስማሩን በብር አስለወጠው። ስድብ ነው? እኔ እንጃ፣ ብቻ ዕቃው አልመጠነውም።

ከዚያ የሥዕሉ ነገር መጣ። ሮ አንዲት ትንሽዬ የእንግሊዝ ሥዕል ነበረችው። እንዲህ የሚሥል እናንተ ዘንድ አይገኝም ባይ ነው። ንጉሡ ሥዕሏን ወሰደና ለሠዓሊው ሰጠ። አንድ ምሽት አምባሳደሩ ተጠራ። በሻማ ብርሃን ስድስት ሥዕል ተደርድሮ ጠበቀው። አምስቱ ቅጂ ናቸው። «የራስህን ለይ» ተባለ። ሮ አፍጥጦ ቀረ። በመጨረሻ ለየ፣ ግን መቸገሩን ራሱ ጽፎታል። ንጉሡ ደስታውን አልቻለውም።

በዚያው ዘመን የዚህ ንጉሥ ራስ ምታት ማን እንደነበር ታውቃላችሁ? የእኛው ሰው! ከዚህ ከኢትዮጵያ በባርነት ተሸጦ ዴካን፣ ከሕንድ ደቡባዊ ክፍል፣ የገባው፣ በኋላ በዚያ የነበረው የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ የሆነው ማሊክ አምባር። ጃሃንጊር በጦር ሜዳ ሊረታው ስላልቻለ በሥዕል ቀስት ሲወረውርበት አሣለ። ሮ ከሚመላለስበት ግቢ አንድ የእኛ አገር ሰው ስም እየተጠራ ንጉሥ ያንገበግብ ነበር። ይህን አንድ መምህር አስተምሮን ያውቃል? አንድ መጽሐፍ?

ሕንድ ውስጥ ሲዲ የሚባሉት የአፍሪካ ተወላጆችም አሉ። አንዱ፣ ሲዲ ያቁብ፣ በ1689 እንግሊዞቹን ቦምቤይ ላይ ከምሽጋቸው አላስወጣም አለ። ኩባንያው በዚያን ጊዜ ለነበረው የሙጋል ንጉሥ ለአውራንግዜብ ይቅርታ ጠይቆ 150,000 ሩፒ ካሳ ከፈለ። ሥልጣኔ ሊያስተምሩ የመጡት እነዚህ ናቸው!

ስለ ጨርቁ ብዙ ነበረኝ። የሕንድ ጥጥ ለንደንን ስላጥለቀለቀ በ1721 በሕግ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ፒጃማ እና ሻምፖ የምንላቸውም ከእነሱ ቋንቋ የተነሡ ናቸው። ሰዓት ግን አልቋል እየተባልኩ ነው። ኩባንያው የቤንጋልን ገዥ ካሸነፈበት ከ1757ቱ የፕላሲ ጦርነት በኋላ ነገሩ መገልበጡን አልክድም። እሱን ሁላችንም ተምረነዋል፣ እሱን ብቻ!

ወረቀቷ በመስታወት ገብታ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ልትሰቀል ነው ብለውኛል። አዘጋጆቹ፣ እባካችሁ ከመሰቀሏ በፊት ያቺን ዐረፍተ ነገር አውጡልኝ። የማሳተሚያውን እኔ እከፍላለሁ። ያ ከኋላ ወንበር የሳቀው ልጅም ግማሹን ይከፍላል።

አመሰግናለሁ።