ከጉድጓዱ በፊት የውሃው ሂሳብ፦ ለዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ የውሃ ቢሮዎችና የከተማ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎቶች ባልደረቦች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዘንድሮ የምንወያየው ከተሞቻችን ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ የሚጠጡት ውሃ ከየት እንደሚመጣና ማን ከማን ጋር ሆኖ እንደሚያቅደው ነው። በደፈናው ከምናገር የምሥራቁን ምሳሌ ልውሰድ።

ሐረር ለአሥርት ዓመታት የጠጣችው የሐረማያን ሐይቅ ነው። ሐረማያና አወዳይም ከዚያው ይቀዱ ነበር። በዙሪያው ያለው ገበሬ ጫቱንና አትክልቱን በሞተር ያጠጣል፤ ከተራቆተው ተዳፋት የሚወርደው ደለል ደግሞ ሐይቁን ከሥር ይሞላዋል። ሁሉም የየራሱን ድርሻ ይስባል፤ ድምሩን ይዞ “ከዚህ በላይ አይሳብም” የሚል ግን አልነበረም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውሃ ይዞ መታየቱ እጅግ ደስ ያሰኛል፤ ይሁን እንጂ በዙሪያው ያሉት ሞተሮች ተቆጥረው ፈቃድና ልክ ካልተሰጣቸው ሁለት ደካማ ክረምት ቢከታተሉ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ለሐረር የተገኘው መፍትሔ ከድሬዳዋ ቆላ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃውን ሽቅብ መግፋት ሆነ። ዋጋውን እናስላ። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ ያለምንም ብክነት 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል። የፓምፑና የሞተሩ ቅልጥፍና በጋራ 65 በመቶ ከሆነ 0.42 ይደርሳል። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከደንገጎ ዳገት በላይ ያለው ደጋ ወደ 2000 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ በቧንቧው ውስጥ በፍትጊያ የሚባክነውን ሳንጨምር ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይወጣል፤ ወጪውም ፓምፑ እስከሠራ ድረስ በየቀኑ የሚከፈል ነው። ዳገቱ በአንድ ፓምፕ ስለማይወጣ ውሃው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይቀባበላል፤ አንዱ ጋ መብራት ሲጠፋ ወይም የመለዋወጫ ዕቃ ሲታጣ የላይኛው ሪዘርቫየር (የውሃ ማጠራቀሚያ) የያዘው እስኪያልቅ ነው የሚቆየው፤ ከዚያ ከተማው ወደ ፈረቃ ይገባል።

ውሃው ከአዋሽ ተፋሰስ ተነሥቶ ወደ ዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ ይሻገራል። በድሬዳዋ አስተዳደር ተቀድቶ፣ በኦሮሚያ መሬት አልፎ፣ የሐረሪ ክልል ከተማ ይገባል። መስመሩ የሚያልፍባቸው መንደሮች “እኛስ?” ማለታቸው መብታቸው ነው፤ ድርሻቸው በዲዛይኑ ላይ ካልገባ ቧንቧው መበሳቱ አይቀርም። ስለዚህ የሦስቱ አስተዳደሮች ስምምነት ከቁፋሮው በፊት መቅደም አለበት እንላለን፦ ማን ምን ያህል ይወስዳል፣ በድርቅ ዓመት ማን ስንት ይቀንሳል፣ የመብራቱን ሂሳብ ማን ይከፍላል።

ድሬዳዋም የራሷ ጭንቀት አላት። በከተማዋ ሳቢያን ሰፈር ያሉት የውሃ ጉድጓዶች በመኖሪያ መንደር መካከል ስለሆኑ ከመጸዳጃ ጉድጓዶች የሚሰርገው ናይትሬት፣ ከሰው ቆሻሻ የሚመነጭ በውሃ የሚሟሟ የናይትሮጅን ውህድ፣ ይደርስባቸዋል። ናይትሬት በክሎሪን አይወገድም፤ ሲፈላማ ውሃው እየተነነ ይበልጥ ይከማቻል። ለዚህ ነው የፍሳሽ ዕቅድና የመጠጥ ውሃ ዕቅድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው የምንለው።

አሁን ዋናውን ሂሳብ ልንገራችሁ። በሰከንድ 20 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ በቀን 20 ሰዓት ቢሠራ 1440 ሜትር ኩብ ያወጣል። ለአንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ብለን ብናስብና በመንገድ የሚባክን ባይኖር ለ18,000 ሰው ይበቃል። በዓመት ሲደመር 525,600 ሜትር ኩብ ነው። ከዝናቡ ውስጥ ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገው በዓመት 50 ሚሊ ሜትር ነው ብለን ብንነሣ፣ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት 50,000 ሜትር ኩብ ይተካል። ያ አንድ ጉድጓድ ብቻውን ከ10 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ይፈልጋል ማለት ነው። በዚያው ቦታ አምስት ጉድጓድ ደርድረን “አቅማችን አምስት እጥፍ አደገ” ስንል የምናወጣው የነገውን ውሃ ነው። ጉድጓድ ከተቆፈረ በኋላ ለ72 ሰዓት ውሃ እየተሳበ የሚደረገው የፓምፕ ሙከራ ይህን አያሳይም፤ እሱ የሚነግረን የጉድጓዱንና የቅርብ አካባቢውን አቅም እንጂ የተፋሰሱን ገቢ አይደለም።

የተፋሰሱን ገቢና ወጪ የሚያሳየን በየወሩ የሚለካ የውሃ ወለል፣ ማለትም ውሃው በጉድጓዱ ውስጥ የሚቆምበት ከፍታ ነው። እዚህ ላይ የሚያስቆጨኝ ነገር አለ። ብዙ ጉድጓድ ሲገጠም አፉ በብረት ክዳን ይታሰራል፤ መለኪያው ገመድ የሚገባበት ቀጭን ቱቦ አይቀመጥም። ኋላ ለመለካት ሲሞከር ገመዱ ከፓምፑ ኬብል ጋር ይጠላለፋል፤ የሚለካውም ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ወለሉ በየዓመቱ ሲወርድ ማንም አያይም፤ አንድ ቀን ፓምፑ አየር መሳብ ይጀምራል፤ ሰብመርሲብል (ውሃ ውስጥ ተጠልቆ የሚሠራ) ሞተር የሚቀዘቅዘው በአጠገቡ በሚያልፈው ውሃ ስለሆነ ይቃጠላል። ከዚያ “ፓምፕ ተበላሸ” ተብሎ ሌላ ይገዛል። ፓምፑ ሲወርድ አብሮት አንድ ኢንች የሆነ፣ ጫፉ የተበሳሳ ቱቦ ማሰር ከጉድጓዱ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። በጨረታ ሰነዱ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ያለ እሱም ርክክብ አይፈጸም።

ሕጉ በእጃችን አለ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለመጠጥና ለቤት አገልግሎት ቅድሚያ ይሰጣል፤ የፈቃድ ሥርዓትንም ደንግጓል። አዋጅ ቁጥር 534/1999 ደግሞ የተፋሰስ ምክር ቤቶችን መሠረት ጥሏል። የጎደለው ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን መጠን በቆጣሪ የሚያመሳክር ሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ በየተፋሰሱ በቡድን ትቀመጣላችሁ። እያንዳንዱ ቡድን በተፋሰሱ ያሉትን የከተማ ጉድጓዶች፣ የመጨረሻውን የወለል ልኬትና ልኬቱ የተወሰደበትን ቀን በአንድ ሰንጠረዥ እንዲሞላ እጠይቃለሁ። ልኬት የሌለው ጉድጓድ “አልተለካም” ተብሎ ይጻፍ፤ በግምት አይሞላ። ነገ ጠዋት ሰንጠረዦቹን አጋጥመን የመጀመሪያዎቹን የክትትል ጉድጓዶች እንመርጣለን።

ጉባኤው መከፈቱን በማህበሩ ስም እገልጻለሁ። አመሰግናለሁ።