ሄርስት ካስል፦ 28 ዓመት ተሠርቶ ያላለቀው ቤት

[ምስል፦ የመመገቢያ አዳራሹ]

ግድግዳው ዳር የተደረደሩት ወንበሮች ከአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት የተገዙ ናቸው። ከላይ የጣሊያን ባንዲራዎች ተሰቅለዋል። ገበታው ላይ ግን ካቻፑ በነጠርሙሱ ይቀርብ ነበር፤ ናፕኪኑም ወረቀት ነው። ቻርሊ ቻፕሊንም ቸርችልም እዚህ በልተዋል። የቤቱ ጌታ ዊልያም ራንዶልፍ ሄርስት ቦታውን የሚጠራው "ራንቹ" እያለ ነበር።

እውነትም የከብት መሬት ነው። አባቱ ጆርጅ ሄርስት በማዕድን የከበረ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1865 በካሊፎርኒያ የባሕር ጠረፍ፣ ሳን ሲምኦን አካባቢ ሰፊ መሬት ገዛ። ቤተሰቡ ለመዝናናት ሲመጣ ኮረብታው ላይ ድንኳን ይተክላል። ልጁ በጋዜጣ ንግድ አሜሪካን አዳረሰ። በ1919 እናቱ ሲያርፉ ርስቱ እጁ ገባ። በ56 ዓመቱ ድንኳን መሮት፣ ትንሽ ምቹ ቤት ፈለገ። ትንሽ!

[ምስል፦ የጁልያ ሞርጋን ፎቶ]

ሥራውን የሰጠው ለጁልያ ሞርጋን ነው። ለእኔ የዚህ ታሪክ ዋና ሰው እሷ ናት። ፓሪስ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ በኤኮል ደ ቦዛር፣ በአርክቴክቸር የተመረቀች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። አርብ ሲመሽ ሳን ፍራንሲስኮ ከሚገኘው ቢሮዋ ወጥታ ባቡር ትሳፈራለች። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ፣ የቀረውን ዳገት በመኪና ትወጣለች። ቅዳሜና እሁዷ እዚያው ግንባታው ላይ ያልቃል። ይህን ለዓመታት አደረገችው።

ሲሚንቶና ብረቱ በመርከብ መጥቶ በጭነት መኪና ወደ ኮረብታው ይወጣል። ቤቱ ሲያዩት የጥንት የድንጋይ ሕንጻ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ብረት የገባበት ኮንክሪት ነው። አገሩ የመሬት መንቀጥቀጥ አያጣውማ።

ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላል። ሄርስት የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን "በቃ" ማለት ነበር። ከአውሮፓ ያረጀ የእንጨት ኮርኒስ ገዝቶ ይልካል፤ ሞርጋን ክፍሉን በኮርኒሱ ልክ ታበጃለች። ኔፕቱን የተባለውን የመዋኛ ገንዳ ውሰዱት። ተሠራ፣ አነሰ ተባለ። ፈርሶ ሰፋ፣ አሁንም አላማረውም። በሦስተኛው፣ በ1936 አካባቢ፣ 1.3 ሚሊዮን ሊትር ውኃ የሚይዝ ሆኖ ቆመ። ሌላ ባለሙያ ቢሆን ገና በሁለተኛው ጥሎት ይሄድ ነበር!

[ምስል፦ የድሮ ጋዜጣ]

በ1937 የሄርስት እዳ አንገቱ ደረሰ። ግንባታው ቆመ። ያከማቻቸው ቅርሶች ኒውዮርክ ውስጥ ጊምብልስ በተባለ መደብር፣ ሸሚዝና ድስት በሚሸጥበት ቤት፣ ዋጋ ተለጥፎባቸው ተቸበቸቡ። በኋላ ትንሽ ሲያገግም ግንባታው ቀጠለ። በ1947 የልብ ሕመም ከኮረብታው አወረደው፤ በ1951 ሞተ። 165 ክፍሎች ተሠርተዋል፤ የኋለኛው ክፍል ግን ዛሬም ኮንክሪቱ እንዳፈጠጠ ነው።

በ1957 የሄርስት ኩባንያ ቤቱን ለካሊፎርኒያ ግዛት ሰጠ። አሁን ቲኬት ቆርጦ የመጣ ሁሉ ይጎበኘዋል። ሞርጋን በዚያው ዓመት አረፈች። የአሜሪካ አርክቴክቶች ተቋም የወርቅ ሜዳሊያውን የሰጣት በ2014 ነው። ሜዳሊያው ለሴት ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር።