መልሱን ያዘው

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ከጎንደር ነው። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማነሳው ነገር ትንሽ ይመስላል። ግን በቀደም ከጓደኞቼ ጋር አቦል ላይ ጀምረነው በረካ ላይም አላለቀም። ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ።

ጥያቄው ይሄ ነው። አስቤዛም ሆነ ምግብ አዘን፣ ቤታችን ድረስ ላመጣልን ልጅ ጉርሻ እንስጥ ወይስ አንስጥ?

አንዷ ጓደኛዬ "የዴሊቨሪውን ከፍያለሁ፣ ሌላ ምን ልክፈል?" አለች። ሌላው "ለአስተናጋጅ ነው እንጂ ለሞተረኛ መቼ ተለመደ?" አለ። እኔ አቋሜን ከአሁኑ ልናገር፤ ይሰጠው። ደግሞ በእጁ ይሰጠው። ይሄን የምለው ግን ስላሳዘነኝ አይደለም። ሥራው ምን እንደሆነ ሳየው ነው።

አዲስ አበባ አፕ አለ፣ ካርታ አለ። ልጁ የት እንደደረሰ ስልካችሁ ላይ ታያላችሁ። እዚህ ግን አብዛኛው ነገር በስልክና በቴሌግራም ነው የሚያልቀው። ሱፐርማርኬቱ ጋ ወይም ምግብ ቤቱ ጋ ትደውላላችሁ፣ ታዛላችሁ፣ እነሱ የሚያውቁትን ባለሞተር ወይም ባለባጃጅ ይልካሉ። በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ሲቋረጥ ቴሌግራሙም ቀረ። ለወራት ሁሉም ነገር በጥሪ ብቻ ነበር።

አድራሻችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ። የቤት ቁጥር የምንጠቀመው ቀበሌ ስንሄድ ነው። ለሰው ስንናገር "ከሳሙና በር ታጥፈህ፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብለህ፣ አረንጓዴ በር" ነው የምንለው። አረንጓዴ በር ሰፈሩን ሞልቶታል። ልጁ ይደውላል። አናነሳም። ደግሞ ይደውላል። "የት ደረስክ?" "ወፍጮ ቤቱ ጋ ነኝ።" "ውይ፣ ሌላኛው ወፍጮ ቤት እኮ ነው፣ ተመለስ።" ይሄ ሁሉ ሲሆን የሚደውለው ብዙ ጊዜ በራሱ ካርድ ነው። ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ የሚነደው ቤንዚንም የራሱ ነው።

ቤንዚኑን ካነሳን አይቀር። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ቀስ በቀስ ማንሳት የጀመረው ሐምሌ 2014 ላይ ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ሊትሩ 50 ብር አልሞላም ነበር። በ2017 ከ100 ብር አለፈ። ያውም ማደያ ላይ ከተገኘ ነው። ሰልፉ ሲብስ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን መግዛት ይመጣል። እዚያ ዋጋ ቆራጩ ሻጩ ነው። የዴሊቨሪ ዋጋ ግን ከነዳጁ እኩል አይሮጥም። ሱቁ ደንበኛ እንዳይሸሸው ስለሚፈራ ቶሎ አይጨምርም። ልዩነቱን የሚሸከመው መሪውን የያዘው ልጅ ነው።

ከተማችን ደግሞ ሜዳ አይደለችም። ቁስቋምን አስቧት። ደብረ ብርሃን ሥላሴን አልፎ ያለውን ሰፈር አስቡት። አዘዞ ከሆነ መንገዱ ደህና ነው፣ ግን ርቀቱ ብቻውን ከአስር ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ኮብልስቶኑ ሲረጥብ ሞተር ያንሸራትታል፣ ኮብልስቶን ያልደረሰበት ደግሞ ጭቃ ነው።

ክረምት ላይ አንድ ልጅ የጾም ምግብ አመጣልን። በሩን ስከፍት ከእግር እስከ ራሱ ርሷል። ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል፤ በፌስታሉ ላይ እየነካካ ነው የሚደውለው። እንጀራውን ከኋላው ሳጥን ውስጥ አላደረገውም። ጃኬቱን ከፍቶ ከደረቱ አወጣው። ሳጥኑ ውኃ ያስገባል ብሎ ነው። "ይቅርታ እህቴ፣ ሽሮው ትንሽ ፈሷል" አለኝ። የፈሰሰው ከክዳኑ ጠርዝ ላይ አንድ ማንኪያ አይሞላም። እንጀራው ደረቅ ነው፣ ልጁ ግን ውኃ ነው። ከዚያ ምንም ሳይጠብቅ ሞተሩን ማዞር ጀመረ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ለዚህ ሰው "የዴሊቨሪውን ከፍያለሁ" ማለት ምን መልስ ይሆናል?

ደግሞስ ከፍያለሁ ስንል ለማን ነው የከፈልነው? ይሄን ከልጆቹ ከራሳቸው ጠይቄ ነው የተረዳሁት። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ሞተሩ የራሱ የሆነ ልጅ አለ፤ እሱ የዴሊቨሪውን ብር ሙሉውን ይወስዳል። ሞተሩ የሰው የሆነ አለ፤ እሱ ማታ ማታ ለባለቤቱ ገቢ ያስገባል። ቀኑ ቢቀዘቅዝም ባይቀዘቅዝም ገቢው ገቢ ነው። የምግብ ቤቱ ቅጥር የሆነም አለ። የእሱ ነው የሚከብደኝ። በወር ይከፈለዋል፣ እኛ ለዴሊቨሪ የምንከፍለው ብር ግን ቤቱ ካዝና ይገባል። ቁስቋምን አምስቴ ቢወጣ አንዴም ቢወጣ ለእሱ ያው ነው።

አገራችን ላይ ለግል ሠራተኛ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል የደመወዝ ወለል በሥራ ላይ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ይሄን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ያነሳል፣ ወለሉ ግን አልተቆረጠም። ያው አዋጅ ከደንበኛ የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያ እንደ ደመወዝ አይቆጠርም ይላል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እኛ የምንሰጠው ብር አሠሪው ሊከፍለው የሚገባውን አይተካም ማለት ነው። ስለዚህ "ባለቤቱ ይክፈለው እንጂ እኔ ምን አገባኝ" ለሚለው ሰው፣ እውነትህን ነው፣ ይክፈለው እላለሁ። ግን ባለቤቱ እስኪከፍለው ድረስ ዝናቡ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ። ድሮ፣ ድሮ ስል ሩቅ አይደለም፣ ጉርሻ ብለን አናስበውም ነበር። ሒሳቡ 470 ብር ነው፣ 500 እንሰጣለን፣ "መልሱን ያዘው" እንላለን። አለቀ። እሱም "እግዜር ይስጥልኝ" ይላል። ማንም አይሸማቀቅም። ዝርዝር ፍለጋ ከመቆምም ይገላግላል። ከዚያ ግንቦት 2013 ላይ ቴሌብር መጣ። እኔ ቴሌብር ባይኖር ምን እንደምሆን አላውቅም፣ እወደዋለሁ። ግን መልስ የሚባለውን ነገር አጠፋው። አሁን ሒሳቡ 470 ከሆነ 470 ይላካል። ልጁ በር ላይ ሲደርስ ገንዘቡ ሱቁ ጋ ከገባ ቆይቷል። እሱ ዕቃውን ያስረክባል፣ እኛ በሩን እንዘጋለን። በመካከላችን የሚያልፍ ነገር የለም። ማንም "ለዴሊቨሪ ልጅ መስጠት እናቁም" ብሎ አልተስማማም። ዝም ብሎ ቀረ። በእኔ እምነት ከልጆቹ ኪስ በርከት ያለ ብር የቀረው በክፋት አይደለም፣ በዚህ ነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። በሩ አጠገብ ትንሽ ሳህን ላይ ዝርዝር ብር አስቀምጣለሁ። ካለቀብኝ ደግሞ "ቁጥርህን ንገረኝ" ብዬ ለራሱ ስልክ እልካለሁ። ለሱቁ ከምልከው ሒሳብ ጋር ፈጽሞ አልቀላቅለውም። አንዱ ባለሱቅ "ለእሱ የሚሰጡትንም አብረው ይላኩልኝ፣ እኔ እሰጠዋለሁ" ብሎኝ ነበር። አልላክሁም። ሰውየው ቅን ሊሆን ይችላል። ግን ገንዘብ መሐል ላይ ማረፊያ ካገኘ ይንጠባጠባል።

ይሄን የምለው በግምት አይደለም። አሜሪካን ያህል አገር ላይ የሆነ ነው። የአማዞን ዕቃ በራሳቸው መኪና የሚያደርሱ ሾፌሮች አሉ፤ ፍሌክስ ይባላል። ደንበኛ የሰጠው ጉርሻ መቶ በመቶ ለእናንተ ነው ተብለው ነበር። ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ግን ኩባንያው ሳይነግራቸው በጉርሻው የክፍያቸውን ከፊል ይሞላበት ጀመር። ደንበኛው ለሾፌሩ የሰጠ መስሎት ለአማዞን ነበር የሚያግዘው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደረሰበትና በ2021 ኩባንያው 61.7 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ ተስማማ። ዓመተ ምሕረቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው። ያ ሁሉ ሶፍትዌርና ያ ሁሉ ሕግ ባለበት እንዲህ ከሆነ፣ የእኛ በእጅ የምትሰጥ ሃምሳ ብር የተሻለ ዋስትና አላት።

እዚያው አገር ሌላም ችግር አለ። አፖቹ ብዙዎቹ ጉርሻውን ከምግቡ በፊት ነው የሚጠይቁት። ሾፌሩ ብሩን አይቶ ትእዛዝ ይመርጣል። ያልሰጠ ሰው ምግቡ ይቀዘቅዛል። ጓደኛዬ "ካስለመድናቸው ያልሰጠው ሰው ይጉላላል" ያለችው ከዚህ ጋር ይገናኛል። ይሄን ፍርሃቷን አልንቀውም። ደመወዙ የማይበቃት አስተማሪ ወይም ከቤት የሚላክለትን የሚቆጥብ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብዙ ነው እዚህ ከተማ ላይ። ለዚህ ነው በፊት አትስጡ የምለው። ስታዙ "ለልጁም እጨምራለሁ" ብላችሁ ቃል አትግቡ። ደርሶ፣ ዕቃውን አስረክቦ፣ ያን ጊዜ ስጡ። ያኔ ምስጋና ነው። ከዚያ በፊት ከሆነ ጨረታ ይሆናል።

ስንት? ሬስቶራንት ላይ ከሒሳቡ አሥር በመቶ የሚሉ አሉ። ለዴሊቨሪ ግን አይሠራም። የ2,000 ብር ኬክ በአንድ እጅ ይያዛል። የውኃ ጀሪካን ዋጋው ከኬኩ ጋር አይወዳደርም፣ ግን 20 ኪሎ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን አልመለከትም፣ ድካሙን ነው የምመለከተው። ዳገት ነው? ዘንቧል? መሽቷል? ሦስተኛ ፎቅ ነው? ቡታጋዝ ነው ወይስ ፌስታል? አንዱም ከሌለ ትንሽ፣ ሁለቱ ከተደራረቡ ከፍ አደርጋለሁ።

ጀሪካን ካልኩ አይቀር እሱን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጎንደር ውኃ እንዴት እንደሚጠፋ ለእናንተ አልነግርም። የአንገረብ ግድብ ከዓመት ዓመት በደለል እየሞላ፣ ሕዝቡ እየበዛ፣ ቧንቧው በፈረቃ ነው። ውኃ ሲጠፋ በጋሪ፣ በባጃጅ፣ በትከሻ የሚያመጡልን ሰዎች አሉ። ዴሊቨሪ የሚባለው ነገር ሳይመጣ ነበሩ። ምግብ ላመጣው ወጣት ሃምሳ ብር ሰጥተን፣ ውኃ ላመጣው አባት ግን አምስት ብር ቀንስ ብለን ስንከራከር አያለሁ። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ክርክር ካስፈለገ በዕቃው ዋጋ ላይ ከነጋዴው ጋር ይሁን። በተሸካሚው ወዝ ላይ አይሁን።

"አልተለመደም" ለሚለው ጓደኛዬ ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። ጎረቤት በሳህን ምግብ ስትልክ ሳህኗ ባዶውን አይመለስም። ይሄን ሁላችንም ከእናቶቻችን አይተናል። ታዲያ በደጃችን ነገር ይዞ የመጣን ሰው ባዶ እጁን መመለስ ነው እንግዳው ነገር።

ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ውጭ አገር ነው፣ አስቤዛ እዚህ ሱቅ ያዝላቸዋል። እሳቸው ጋ የተላከው ብር ሳይሆን ዕቃ ነው፣ እጃቸው ላይ ብዙ ጊዜ የለም። ያም ሆኖ ልጁን ዝም ብለው አይሸኙትም። "ግባ፣ ቡና ደርሷል" ይሉታል። "ሥራ ላይ ነኝ እማማ" ይላቸዋል። እንግዲያውስ ብለው ድፎውን ቆርሰው በፌስታል ቋጥረው ይሰጡታል። እሱም የእሳቸውን ዕቃ ከበር ላይ አያስቀምጥም፣ ጓዳ ድረስ አስገብቶ ነው የሚሄደው። ዘይቱንም ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ ይሰቅልላቸዋል።

ብር የሌለው ሰው እንግዲህ ብዙ ማድረግ የሚችለው አለ። ስልኩን በመጀመሪያው ጥሪ አንሱ። አቅጣጫውን ስታዙ በደንብ ንገሩ፤ የትኛው ወፍጮ ቤት እንደሆነ ለዩ። ወደ ግቢ በር ውረዱ። ጨለማ ከሆነ መብራት አብሩለት። "አዝዤ ነበር ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ" ብላችሁ ከደጅ አትመልሱት፤ የመመለሻውን ነዳጅ ማንም አይሰጠውም።

ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያላችሁ አድማጮቼ፣ ከእናንተ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ለዴሊቨሪ የምንከፍለው ብር ለማን እንደሚደርስ ትእዛዝ ስትቀበሉ ንገሩን። "ሙሉው የልጁ ነው" ወይም "የቤቱ ነው" በሉን። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እኛም ምን መጨመር እንዳለብን እናውቃለን። በቴሌግራም ጻፉልኝ፣ የላካችሁትን በሚቀጥለው ክፍል አነበዋለሁ። የምታደርሱ ልጆችም ጻፉ፣ ድምፅ ብትልኩም ይሻላል፣ ስማችሁን አልጠራም። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።