ክራንክ ሻፍቱ ላይ የተንጠለጠለው ብረት

እንደምን አመሻችሁ! ቅዳሜ ማታ ቤተሰብ ትታችሁ ስለ ክራንክ ሻፍት፣ ማለትም ፕሮፔለሩን ስለሚያዞረው የአውሮፕላን ሞተር ዋና ዘንግ፣ ለመስማት መምጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። ግማሾቻችሁ እዚሁ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በረራ እየተማራችሁ ነው። ግማሾቻችሁ ደግሞ እንደኔ መካኒክ ናችሁ። የዛሬው ጨዋታ ለሁለታችሁም ነው፤ ምክንያቱም ይህን ነገር መካኒኩ አውቆት አብራሪው ካላወቀው ምንም አይጠቅምም።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ክራንክ ሻፍት አምጥቻለሁ። ሁለቱም ላይካሚንግ የሚባለው ኩባንያ ከሚሠራው ባለ አራት ሲሊንደር የአውሮፕላን ሞተር የወጡ፣ አገልግሎታቸውን የጨረሱ ናቸው። ይሄኛውን ስነቀንቀው ዝም ነው። ይሄኛው ግን፣ ስሙት፣ ቋ ቋ ይላል። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ይህን ድምፅ ሰምቼ ተበልቷል ብዬ ከሚጣሉት ጋር አስቀምጬው ነበር። ያስተማሩኝ አዛውንት መካኒክ አይተው መልሰው አመጡትና "ይሄ ብረት መወዛወዝ ሲያቆም ነው የምትደነግጠው" አሉኝ። የዚያን ቀን ያስረዱኝን ነው ዛሬ ለእናንተ የማካፍለው።

ያ የሚንቀጫቀጨው ብረት ካውንተርዌይት ይባላል። ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። የመኪና ጎማ ባላንስ ሲደረግ እንደሚለጠፈው እርሳስ፣ ሚዛን ለመጠበቅ የገባ ይመስላል። እነዚህ ሞተሮች ግን ሲሊንደሮቻቸው ግራና ቀኝ ተኝተው ስለሚተያዩ፣ የአንዱ ፒስተን ምት የሌላውን በደንብ ያጠፋል። የሚያስቸግረው መጠምዘዝ ነው።

ጋቢ ታጥቦ ሲጨመቅ አስቡ። አንድ ሰው በዚያ ጫፍ፣ አንድ ሰው በዚህ ጫፍ ይዞ ይጠመዝዘዋል። ክራንክ ሻፍትም በሥራ ላይ እንደዚያ ይሆናል። ጥቂት ስለሆነ በዓይን አይታይም እንጂ ይጠመዘዛል። አንድ ሲሊንደር በፈነዳ ቁጥር ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል፣ ከፊት ያለው ከባድ ፕሮፔለር ደግሞ ፍጥነቴን አልቀይርም ብሎ ይይዘዋል፣ ግፊቱ ሲያልፍ ብረቱ ተመልሶ ይፈታል፣ ከዚያ ሌላው ሲሊንደር ይቀጥላል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያፈነዳል። በ2,400 አርፒኤም፣ ማለትም በደቂቃ 2,400 ዙር፣ ይህ በሰከንድ 80 ምት ነው። በዚያ ላይ በየምቱ ውስጥ የተደበቁ ፈጣን ንዝረቶች አሉ፦ በአንድ ዙር አራቴ፣ ስድስቴ፣ ስምንቴ የሚመጡ። እኛ ኦርደር እንላቸዋለን። 6ኛ ኦርደር ሲባል በአንድ ዙር ስድስት ጊዜ ማለት ነው፤ በዚያው 2,400 አርፒኤም በሰከንድ 240 ይሆናል።

አሁን ደግሞ ዥዋዥዌን አስታውሱ። ልጅ ዥዋዥዌ ላይ ስትገፉ፣ በትክክለኛው ሰዓት ከገፋችሁ በአንድ ጣት ሰማይ ታደርሱታላችሁ። እያንዳንዱ ብረትም የራሱ ዥዋዥዌ አለው። የሞተሩ ምት ከዚያ ጋር የገጠመ ዕለት፣ ትንሹ ንዝረት እየተደራረበ ይገዝፋል። ከክራንክ ሻፍቱ አልፎ ወደ ፕሮፔለሩ ይሄዳል። ብረት በዚህ ይደክማል፤ ከደከመ በኋላ ይሰነጠቃል። የፕሮፔለር ጫፍ አየር ላይ ተሰብሮ ቢሄድ፣ የቀረው ክፍል ሚዛን ስለሚያጣ ሞተሩን ከማሰሪያው ሊገነጥለው ይችላል።

ለዚህ ሁለት ዓይነት መላ ተገኝቷል። የመጀመሪያው ክራንክ ሻፍቱን ድፍን አድርጎ መተው ነው። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ የሚያረጅ ተንቀሳቃሽ ነገር የለበትም። በብዙ ሴስና 172 አውሮፕላኖች ላይ ያለው ኦ-320 የሚባለው ሞተር እንዲህ ነው። ግን ድፍን ክራንክ ከአንዳንድ ፕሮፔለር ጋር ሲገጥም "ከዚህ እስከዚህ ባለው አርፒኤም አትቆዩ" የሚል ክልከላ ይመጣል። ፓይፐር ቸሮኪ 180 የሚባለው አውሮፕላን ሰንሰኒች ከተባለው ኩባንያ የብረት ፕሮፔለር ጋር ሲሆን፣ ከ2,150 እስከ 2,350 ባለው ውስጥ በቋሚነት መብረር ክልክል ነው። ማለፍ ይቻላል፣ መቀመጥ ግን አይቻልም።

ሁለተኛው መላ ይሄ ቋ ቋ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የራይት ኩባንያ ሳይክሎን የተባሉት የአውሮፕላን ሞተሮች በመጠምዘዝ ንዝረት ሲቸገሩ፣ የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ቴይለርና የራይቱ ሮላንድ ቺልተን የሠሩበት ሐሳብ ነው። እኔ ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ክራንክ ሻፍቱ ላይ ፔንዱለም ሰቀሉበት! የግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም የሚመልሰው የመሬት ስበት ስለሆነ ፍጥነቱ አንድ ነው። ይሄኛውን ግን የሚመልሰው የሽክርክሪቱ ኃይል ነው። ሞተሩ ሲፈጥን እሱም ይፈጥናል፣ ሲዘገይ አብሮ ይዘገያል። 6ኛ ኦርደር ተብሎ የተሠራ ካውንተርዌይት በ1,000ም በ2,700ም አርፒኤም በአንድ ዙር ስድስት ጊዜ ይወዛወዛል። ክራንክ ሻፍቱ ወደ ግራ ሲጠመዘዝ እሱ ወደ ቀኝ ይጎትታል።

ይህን ልክ የሚወስነው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ይህቺ ፒን ናት። ካውንተርዌይቱ የተንጠለጠለው ከፒኑ ሰፋ ባለ ቀዳዳ ነው። በቀዳዳውና በፒኑ ስፋት መካከል ያለው ልዩነት ነው የፔንዱለሙን ርዝመት የሚሰጠው። ያው ካውንተርዌይት ሌላ ውፍረት ያለው ፒን ሲገባለት ሌላ ኦርደር ይሆናል። ስለዚህ መካኒኮች እባካችሁ፣ ፒኖችን አንድ ሳህን ላይ አትደባልቁ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ በሚታደስበት በኦቨርሆል ጊዜ፣ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ቀለበት፣ ቡሺንጉን፣ ቀይሩ። ቡሺንጉ ሲበላ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ፔንዱለሙም ቅኝቱን ይስታል።

አብራሪዎች፣ እናንተም ቅኝቱን ልታስቱት ትችላላችሁ። ላይካሚንግ በዚህ ጉዳይ ቁጥሩ 245 የሆነ ሰርቪስ ቡለቲን፣ ማለትም የጥገና ማሳሰቢያ፣ አለው። የሚያስጠነቅቀው ከእነዚህ ነው፦ ትሮትልን፣ ማለትም የነዳጅ መስጫውን፣ በድንገት መክፈት ወይም በድንገት መዝጋት፣ ሞተሩን ከተፈቀደለት በላይ ማስሮጥ፣ አርፒኤሙ ከፍ ብሎ ማኒፎልድ ፕሬዠሩ፣ ማለትም ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባው አየር ግፊት (በኢንች ሜርኩሪ የሚለካው)፣ ዝቅ ብሎ መብረር። በእነዚህ ጊዜ ካውንተርዌይቱ ከቦታው አልፎ ይጋጫል፤ ንዝረቱን ማጥፋቱ ይቀርና ራሱ ይመታል። ብዙ አስተማሪዎች ስትወርዱ ማኒፎልድ ፕሬዠሩን ከ15 ኢንች በታች አታውርዱት የሚሉት አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። ነገ አዲስ አበባ ሄዳችሁ ለመብረር የምታስቡ ደግሞ ይህን ያዙ፦ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። ተርቦ፣ ማለትም አየሩን የሚጨምቅ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር ትሮትሉ ሙሉ ተከፍቶ እንኳ መሬት ላይ 23 ኢንች አካባቢ ነው የሚያገኘው። እዚያ 15 ኢንች ላይ ለመድረስ እጃችሁን ብዙ መሳብ አያስፈልጋችሁም።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ። ካውንተርዌይት ያለው "ዘመናዊ" ስለሆነ ይሻላል የሚለውን አልቀበልም። ድፍኑ ዓይናችሁን ታኮሜትሩ፣ ማለትም አርፒኤም የሚያሳየው መለኪያ፣ ላይ እንድታደርጉ ይፈልጋል። ካውንተርዌይት ያለው ለስላሳ እጅ ይፈልጋል። ለብ ለብ እያደረገ ትሮትል ለሚመታ ተማሪ እኔ ድፍኑን እመርጥለታለሁ። ረጅም መንገድ በአንድ ኃይል ለሚበር ሰው ሌላውን። የትኛው እንዳላችሁ ለማወቅ የሞተሩን ሙሉ ስም አንብቡ። አይኦ-360-ኤ1ቢ እና አይኦ-360-ኤ1ቢ6 አንድ አይደሉም፤ መጨረሻ ላይ ያለችው 6 ካውንተርዌይት አለው ማለቷ ነው። ካውንተርዌይት አለው ማለት ግን ክልከላ የለበትም ማለት አይደለም። ፕሮፔለሩም ስለሚወስን የአውሮፕላኑን መጽሐፍ እዩ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ከዓመታት በፊት አንድ የማሰልጠኛ ቸሮኪ ለምርመራ መጣልን። ታኮሜትሩ ላይ የተከለከለውን አርፒኤም የሚያሳየው ቀይ ምልክት ፀሐይ በልቶት ጠፍቷል። ታኮሜትሩን ስንለካው ከእውነተኛው 100 አርፒኤም ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው። ተማሪዎቹ በየበረራው 2,100 ላይ ያደርጉታል። እነሱ ከክልከላው በታች የሆኑ ይመስላቸዋል፣ ፕሮፔለሩ ግን 2,200 ላይ ነው። ማንም ክፉ አላሰበም፣ ማንም አልሰነፈም፣ ግን ልጆቹ በየቀኑ እዚያ ውስጥ ተቀምጠው ይበሩ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሮጌ ታኮሜትር በዚህ መንገድ ይዋሻል፤ በብርሃን የሚለካ መሣሪያ ያለው መካኒክ በአምስት ደቂቃ ያረጋግጥላችኋል፣ ጠይቁት።

በሉ አሁን ወደ ጠረጴዛው ኑ። ጓንት አለ፣ ዘይት ስላለው ልብሳችሁን ጠብቁ። ካውንተርዌይቱን በእጃችሁ አወዛውዙት። አጠገቡ ያስቀመጥኳቸው ሁለት ፒኖች የተለያየ ኦርደር ናቸው። በዓይን ለዩአቸውና ንገሩኝ፤ ውፍረት የሚለካው ማይክሮሜትር በስተቀኝ ነው።