«መምህር፣ መቼ ነው የሚዘጋው?»

ሲስተር፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። ይህን ውይይት የምንቀዳው በሐዋሳ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ቤት ውስጥ ነው። ዛሬ የምናነሳው በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባበት ሰሞን በከተማችን ሻይ ቤቶችና ባጃጆች ውስጥ ሲነገር የነበረ ቀልድ ነው። መምህር የሆነ ሰው ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን ቀን፣ ከዚያም አልፎ አገር የሚዘጋበትን ቀን አስቀድሞ ያውቃል ይባል ነበር። የዝግጅት ባልደረባዬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ የሚያስተምሩ በመሆናቸው ቀልዱ በቀጥታ ለእሳቸው ይነገር ነበር። መምህር፣ መጀመሪያ የሰሙት መቼ ነው?

መምህር፦ ቀኑን በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ዓርብ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። ጤና ሚኒስቴር በአገራችን የመጀመሪያው በቫይረሱ የተያዘ ሰው መገኘቱን ያሳወቀው በዚያ ዕለት ነው፤ ታማሚው ከቡርኪና ፋሶ የመጡ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበሩ። እኔ የሁለት ክፍል ተማሪዎችን ደብተር ቤት ወስጄ ላርም በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ደብተሩን አየና «መምህር፣ ዕቃችሁን ጠራርጋችሁ ወጣችሁ ማለት ነው? መቼ ነው የሚዘጋው?» አለኝ። አብረውኝ የተሳፈሩት ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። በማግስቱ ቅዳሜ፣ በየወሩ እንደማደርገው ጤፍ ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ስሄድ ደግሞ አንድ ጎረቤቴ ወረፋ ለያዘው ሰው ሁሉ «መምህር ጤፍ እያስፈጨ ነው፤ እናንተ ምን ትጠብቃላችሁ?» ብሎ አወጀ። እንግዲህ ደብተር ተሸክሜ መሄዴም፣ ጤፍ ማስፈጨቴም ምልክት ሆነ።

ሲስተር፦ ሲኒ የሚያይ ሰው ከቡናው አተላ መንገድና እንግዳ እንደሚያወጣ ማለት ነው። መምህሩ ቀደም ብሎ ከወጣ ምልክት ነው፤ ከቆየም ስብሰባ ላይ ነው፤ ዝም ካለ ደግሞ እንዳይናገር ታዝዟል። የትኛውም ነገር የመምህሩን አዋቂነት ማስረጃ ስለሚሆን ቀልዱን በምንም መንገድ ማስተባበል አይቻልም ነበር።

መምህር፦ እውነት ነው። «አላውቅም» ስል «እንዲህማ አይባልም፣ መምህር» ይሉኝ ነበር። ጋዜጦቻችን «ውስጥ አዋቂ ምንጮች» የሚሉት ነገር አለ፤ ያን ስም ሰፈሩ ሁሉ አወጣልኝና ለጥቂት ሳምንታት «ውስጥ አዋቂው» ሆንኩ።

ሲስተር፦ ሰኞስ ምን ሆነ?

መምህር፦ ሰኞ መጋቢት 7 ቀን ባንዲራ ተሰቅሎ፣ ተማሪው ተሰልፎ እንደ ወትሮው ክፍል ገባ። እኔም በዚያ ሳምንት ዓርብ ፈተና እንዳለ በሰሌዳ ላይ ጽፌ ነበር። በዚያው ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀናት እንዲዘጉ፣ ስፖርታዊ ውድድሮችና ትልልቅ ስብሰባዎችም እንዲቋረጡ መወሰኑን አሳወቁ። ዜናውን መምህራን ማረፊያ ውስጥ በአንድ ባልደረባችን ስልክ ላይ ተሰብስበን ነው ያየነው፤ ርዕሰ መምህሩም ከትከሻችን በላይ ተንጠራርተው ያዩ ነበር። ደብዳቤው የደረሰን ከዜናው በኋላ ነው። ፈተና ያልኩት ዓርብ እስከ ዛሬ ድረስ አልመጣም፤ ያን ሰሌዳ ማን እንዳጠፋውም አላውቅም።

ሲስተር፦ ይህን ብዙ ሰው አያምንም፤ ስለዚህ አሠራሩን ዘርዘር አድርገው ቢነግሩን መልካም ነው።

መምህር፦ ውሳኔው የሚሰጠው በፌዴራል መንግሥት ነው። ከዚያ ትምህርት ሚኒስቴር ለክልል ትምህርት ቢሮዎች ያሳውቃል፤ ቢሮው ለዞን ወይም ለከተማ ትምህርት መምሪያ ይጽፋል፤ መምሪያው ለወረዳ ወይም ለክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት፣ ጽሕፈት ቤቱ ለርዕሰ መምህሩ፣ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ለእኛ። በዚህ መስመር ላይ ከመምህሩ በታች ያለው ተማሪው ብቻ ነው፤ ተማሪውም ስልክ ካለው ከእኛ ቀድሞ ይሰማል። ደብዳቤው ማኅተም እስኪያርፍበት፣ ቁጥር እስኪወጣለትና በሰው እጅ እስኪላክ ድረስ የባጃጅ ሾፌሩ ሬዲዮ ሦስት ጊዜ ተናግሮ ያበቃል። እኔን የጠየቀኝ ሾፌር በእርግጥ ከእኔ ይልቅ ለዜናው ቅርብ ነበር።

ሲስተር፦ የእኔ ሙያ ከእርስዎ ትንሽ ይለያል። በጤና ተቋም የምንሠራ ሰዎች ቢያንስ የሙቀት መለኪያ ሲመጣ፣ የለይቶ ማቆያ ክፍል ሲዘጋጅ እናያለን። እንዲያም ሆኖ ስንት ሰው እንደተያዘ የምንሰማው እንደማንኛውም ሰው ከዕለታዊው መግለጫ ነበር። ዘመዶቼ ሌሊት ሲደውሉልኝ ወደ ኮሮና መረጃ መስጫው የስልክ መስመር፣ 8335፣ ደውላችሁ ጠይቁ እላቸው ነበር፤ እነሱ ግን «እሱ ለሕዝቡ ነው፣ ለእኛ አንቺ ንገሪን» ይሉኛል። ለእኔ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ለሁሉ የሚነገር ቃል እና ለቤተ ዘመድ የሚነገር ቃል ይለያያል ብሎ ያምናል፤ ሁለተኛውን የሚነግረው ሰው ይፈልጋል።

መምህር፦ ለመምህር ደግሞ ታሪክም አለው። ምርጫ ሲኖር አስፈጻሚው መምህር ነው፤ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲሆን ቅጽ ይዞ በር የሚያንኳኳው ብዙ ጊዜ መምህር ነው፤ በገጠር ከመንግሥት የመጣ ደብዳቤ የሚነበበው በመምህር አፍ ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ደግሞ ከዚያም የጠለቀ ትዝታ አላቸው። በ1967 ዓ.ም. ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር ወደ ገጠር ሲላኩ ትምህርት ተቋርጦ ነበር። ያን ዘመን ያየ ሰው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከበስተኋላው ትልቅ ነገር እንዳለ ያውቃል። ስለዚህ እነዚህ አባቶችና እናቶች እኔን ሲጠይቁኝ ተራ ቀልድ አልነበረም፤ በሳቅ ተሸፍኖ የመጣ ሥጋት ነበር።

ሲስተር፦ ይህ ቀልድ ግን በእኛ አገር ብቻ የተነገረ አይደለም። እንግሊዝ አገርም የመምህር ጎረቤትና የመምህር ዘመድ እየተጠቀሰ «ሰኞ ሊዘጋ ነው አሉ» ሲባል ነበር። እዚያ የሆነውን ያየ ሰው መምህራን ምን ያህል ከውሳኔው የራቁ እንደነበሩ ይረዳል። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 3 ቀን 2021፣ እሑድ ዕለት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን በቴሌቪዥን ቀርበው ትምህርት ቤቶች ደኅና ስለሆኑ ወላጆች ክፍት በሆነበት ቦታ ልጆቻቸውን እንዲልኩ ተናገሩ። ሰኞ ዕለት ብዙ ሕፃናት ከዕረፍት ተመልሰው ትምህርት ጀመሩ። በዚያው ሰኞ ምሽት እኚሁ ጠቅላይ ሚኒስትር ከማግስቱ ጀምሮ ትምህርት ለአብዛኛው ተማሪ በርቀት እንዲሆን መወሰኑን አሳወቁ። በዚያ ሰኞ ጠዋት ለሳምንቱ የትምህርት ዕቅድ ይዞ ክፍል የገባ መምህር ምን ያህል አስቀድሞ እንደሚያውቅ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

መምህር፦ እኔ ብዙ ካሰብኩ በኋላ የደረስኩበት ምክንያት ይህ ነው። ትምህርት ቤት በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ግቢ፣ ከሁሉም ሰፈር የመጣ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ነው፤ በአንድ ትእዛዝም ይዘጋል። ገበያን ወይም ቤተ እምነትን መዝጋት እንደዚያ ቀላል አይደለም። ስለዚህ በብዙ አገር ቀድሞ የተዘጋው ትምህርት ቤት ነው። በእኛም አገር ትምህርት ቤት መጋቢት 7 ቀን ተዘጋ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀው መጋቢት 30 ቀን ነው። በመካከሉ 23 ቀናት አሉ። ሰው ይህን ቅደም ተከተል አየ፤ መጀመሪያ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ሌላው። ከዚያም ትምህርት ቤት ያለው ሰው ቀድሞ ያውቃል ብሎ ደመደመ። ቀድሞ የሚነካ ሰው ቀድሞ የሚያውቅ መሰለ። ጎርፍ መጀመሪያ የሚገባበት ቤት ባለቤት ዝናቡን አስቀድሞ አያውቅም፤ ቤቱ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለተሠራ ነው እንጂ።

ሲስተር፦ ደግሞም የእኛ አገር ነገር ብዙ ሰው «ሎክዳውን» ብሎ በቴሌቪዥን ካየው ይለያል። አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፣ የትራንስፖርት ተሳፋሪ በግማሽ እንዲቀንስ አደረገ፤ ሙሉ በሙሉ በር የሚዘጋ ትእዛዝ ግን አልነበረም። «አገር መቼ ነው የሚዘጋው?» ተብለው ሲጠየቁ የሚጠየቁት ስላልተወሰነ ነገር ነበር። ለመሆኑ፣ መምህር፣ ይህን ጉዳይ ለዝግጅት ሲያነሱት አንድ ሴት ጠቅሰውልኝ ነበር።

መምህር፦ አዎ፤ ይህን ውይይት እንድናደርግ የፈለግሁትም በእሳቸው ምክንያት ነው። በትምህርት ቤታችን በር ላይ ሳንቡሳና ቦምቦሊኖ ጠብሰው የሚሸጡ እናት ናቸው፤ ስማቸውን አልጠራም። በዚያች የመጀመሪያ ዓርብ፣ የባጃጁ ሾፌር ከቀለደ በኋላ ገና ሳንነሳ ጠሩኝና «መምህር፣ ለሰኞ ዱቄት ልግዛ ወይስ ልተወው?» አሉኝ። በአካባቢው የነበሩት መምህራን ሳቁ። እኔም ዓይኔን ጠቀስ አድርጌ «ምስጢር ነው፤ ግን ለእርስዎ ብዬ ነው፣ ይግዙ» አልኳቸው። የባጃጁ ሾፌር የጀመረውን ቀልድ ነበር የቀጠልኩት፤ በዚያ ሰዓት እኔ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ሳላውቅ ግን የሚያውቅ ሰው ቃል ተናገርኩ። እሳቸው ደግሞ ከቀልዱ ውስጥ የሚጠቅማቸውን ቃል መርጠው ወሰዱ። ቅዳሜ ግማሽ ኩንታል ዱቄትና ዘይት ገዙ። ሰኞ ትምህርት ቤት ተዘጋ።

ሲስተር፦ ዱቄቱስ?

መምህር፦ ከፊሉን ለጎረቤት ከገዙበት ዋጋ ባነሰ ሰጡ፤ የቀረውን ልጆቻቸው በሉት። 15 ቀን የተባለው መዘጋት ሰባት ወር ሆነ። ትምህርት ቤቶች በደረጃ የተከፈቱት ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ነው፤ መጀመሪያ ገጠሩ፣ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባና እንደ ሐዋሳ ያሉ የክልል ዋና ከተሞች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንኳ የተሰጠው በየካቲት መጨረሻ ነበር። ያን ሁሉ ወር ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሳቸው ምድጃ አልነደደም። ስንከፍት ተመልሰው መጡ፤ አልወቀሱኝም፤ እንዲያውም «ያን ጊዜ አልነገሩህም ነበር መሰለኝ» ብለው በእኔ ፋንታ ምክንያት ሰጡልኝ። ይህ ከወቀሳ የበለጠ ከበደኝ። አሁንም የማውቅ ሰው እንደሆንኩ ያምኑ ነበርና።

ሲስተር፦ ይህን ሲነግሩኝ ያሰብኩት አንድ ነገር አለ። እኛ ሙያተኞች ስንጠየቅ የምንስቀው ጥያቄው የማይመለስ ስለሆነ ነው። ጠያቂው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ነገር አለው፤ ዱቄት መግዛት፣ ልጅን ወደ አያቱ ቤት መላክ፣ ከተማሪ ወላጅ ጋር የወር ውል የገባን ባጃጅ ዕዳ መክፈል። ለእኔ የሥራ ቀን የሆነው ለእሱ የእንጀራ ቀን ነው።

መምህር፦ ለዚህ ነው ከዚያ በኋላ መልሴን የለወጥኩት። ቀልዱን አልጠላሁትም፤ ሰው በሥጋት ጊዜ ቢቀልድ ያሳርፈዋል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ነገር ግን ከሳቁ በኋላ የማውቀውንና የማላውቀውን ለይቼ በግልጽ እናገራለሁ። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል እጠቅስላቸዋለሁ፤ የነገሩ ባለቤት እኔ አይደለሁም። ከዚያ ባለቤቱ ማን እንደሆነና ቃሉ በየት በኩል እንደሚመጣ እነግራቸዋለሁ።

ሲስተር፦ ይህን ለመፈተን ዕድል አገኙ?

መምህር፦ አገኘሁ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪዎች የዘማቾችን ሰብል እንዲሰበስቡ መወሰኑ በዜና ተነገረ። በማግስቱ ጠዋት እኚህ እናት በሩ ላይ ጠበቁኝ። «መምህር፣ እውነት አንድ ሳምንት ነው? ወይስ እንደ ያኔው ነው?» አሉ። የባጃጅ ሾፌሮቹ «ዛሬም ውስጥ አዋቂው መጣ» ብለው ሳቁ። እኔ ግን «ትንሽ ይቆዩኝ» ብዬ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄድኩና ደብዳቤ ደርሶ እንደሆነ ጠየቅሁ። ተመልሼም «ደብዳቤው ገና አልደረሰንም፤ በዜና የተባለው አንድ ሳምንት ነው፤ ከዚያ ይረዝም እንደሆነ እኔም ርዕሰ መምህሩም አናውቅም፤ ደብዳቤው ሲመጣ ግን የተጻፈውን ቀን እደውልልዎታለሁ» አልኳቸው። ሾፌሮቹም ዝም ብለው አዳመጡ። እሳቸው ጥቂት አሰቡና «ይህችው ትበቃኛለች፤ እንግዲያው አሥር ኪሎ ብቻ እገዛለሁ» ብለው ዘምቢላቸውን አንስተው ወደ ገበያ ሄዱ።